የኦርቶላን ካርታ ኢትዮጵያ ሲደርስ ለምን ይደበዝዛል?

«እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ» እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ስም የምንጠራቸው ወፎች ግን የትም አይሄዱም። በጋውን እንደ ድንቢጥ ቡኒ ለብሰው እዚሁ ይከርማሉ፤ ክረምት ሲገባ ወንዶቹ ቀይ ወይም ቢጫ ላባ ስለሚያወጡ ነው በመስከረም እንግዳ የሚመስሉን። እውነተኞቹ መንገደኞች በዚያው ሰሞን ሌሊቱን ሲበሩ አድረው፣ ማንም ልብ ሳይላቸው ይገባሉ።

ከእነሱ አንዷ ኦርቶላን ናት። ከ20 እስከ 25 ግራም የምትመዝን፣ ምንቃሯ ሮዝማ፣ ጉሮሮዋና የዓይኗ ዙሪያ ቢጫማ የሆነ ጥሬ ለቃሚ ዘማሪ ወፍ ናት። በአውሮፓ ቁጥሯ እ.ኤ.አ. ከ1980 ወዲህ ከ80 በመቶ በላይ ወርዷል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1999 አደኗን ከልክላለች። የምዕራቦቹ ኦርቶላኖች በጋውን ምዕራብ አፍሪካ ሲያሳልፉ፣ ከሩሲያና ከአካባቢው የሚነሱት ወደ እኛ ደጋ ይመጣሉ። በዓለም አቀፍ ካርታ ላይ ይህ «ኢትዮጵያ» በሚል አንድ ሰፊ ጥላ ይታለፋል። የትኛው ወረዳ፣ የትኛው ማሳ የሚለውን ከዚህ ሆነን እኛ ካልሞላነው የሚሞላልን የለም፤ ሥራው ደግሞ አቅማችን የማይችለው አይደለም።

ብዙ ሰው ወፏን በሳተላይት የሚከታተሏት ይመስለዋል። አንዲት ወፍ ከክብደቷ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሚበልጥ ነገር እንዳትሸከም ይመከራል፤ ለ22 ግራም ወፍ ይህ ከ0.7 እስከ 1.1 ግራም ነው። ለሳተላይት መልእክት የሚልኩ መሣሪያዎች ትንሾቹም ቢሆኑ ከዚህ ይከብዳሉ። ስለዚህ የሚታሰርላት ጂኦሎኬተር ነው፤ ሰዓት፣ ባትሪና የብርሃን መለኪያ ብቻ ያለው፣ በሁለቱ ጭኖቿ ዙሪያ በሚያልፍ ማሰሪያ ወገቧ ላይ የሚቀመጥ። ምንም አያስተላልፍም። በሚቀጥለው ዓመት ወፏ እዚያው ቦታ ተመልሳ ካልተያዘች መረጃው አብሯት ይቀራል።

መሣሪያው ቦታ የሚያውቀው ከጀንበር ነው። እኩለ ቀን በግሪኒች ሰዓት ስንት ላይ እንደዋለ ኬንትሮሱን ይነግራል፤ 4 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ነው። የቀኑ ርዝመት ደግሞ ኬክሮሱን ይነግራል፤ እኛ ጋ ሲደርስ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የበጋና የክረምት ቀኖቻችን ብዙም አይለያዩም። በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ ዲግሪ ኬክሮስ፣ ማለትም 111 ኪሎ ሜትር፣ የቀኑን ርዝመት የሚለውጠው በ3 ደቂቃ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ሐዋሳ አጠገብ ያለች ወፍ ጠዋት ከቁጥቋጦ ዘግይታ ብትወጣ፣ ማታም ቀድማ ብትገባ፣ ጥላው በድምሩ 7 ደቂቃ ሲሰርቅባት መሣሪያው አዲስ አበባ ናት ይላል። አሥር ደቂቃ ተኩል ከሰረቀባት ጎሃ ጽዮን ያደርሳታል። በመስከረምና በመጋቢት አጋማሽ ደግሞ ቀንና ሌሊት በየትኛውም ኬክሮስ እኩል ስለሚሆኑ፣ ብዙዎቹ ወፎች መንገድ ላይ ባሉበት ሰሞን ለሳምንታት ኬክሮስ ጨርሶ አይታወቅም። በዚህ ላይ ተመሥርቶ የትኛው ሜዳ እንደሚጠበቅ መወሰን አይቻልም።

«ወፏ የአውሮፓ ናት፣ ይጨነቁላት» የሚል ክርክር ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2011 የአፍሪካ ቀንድ ሲደርቅ፣ ጂኦሎኬተር የታሰረላቸው ሁለት ዓይነት ዘማሪ ወፎች እዚሁ ቀንድ ላይ ከወትሮው የረዘመ ጊዜ ቆይተው መራቢያቸው ዘግይተው ደረሱ። መዘግየቱ የታየው አውሮፓ ነው፤ ምክንያቱ ግን እዚህ ነበር። ወፏ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን የምታሳልፈው በእኛ ዝናብና በእኛ ማሳ ነው፤ የእኛም ናት።

ወፏ ከየት እንደመጣች ለማወቅ ከሁሉ ርካሹ መንገድ ላባ ነው። ኦርቶላን የክንፍና የጅራት ላባዋን የምትለውጠው መራቢያዋ ላይ፣ ጉዞ ከመጀመሯ በፊት ነው። ስለዚህ ላባው ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን የዚያን አገር ዝናብ ምልክት ይዞ ይመጣል፤ ወደ ሰሜንና ወደ አህጉሩ መሐል በተገባ ቁጥር ከባዱ የሃይድሮጅን ዓይነት ይቀንሳል። በጥር ሱሉልታ ሜዳ ላይ የተነቀለች አንዲት የጅራት ላባ ወፏ ከየትኛው ሰፊ ቀጠና እንደመጣች ታመለክታለች፤ ወፏንም ዳግመኛ መያዝ አያስፈልግም። ላባው በወረቀት ፖስታ ይቀመጥ፤ ፕላስቲክ እርጥበት ይይዝና ያሻግተዋል። ፖስታው ላይ እግሯ ላይ የሚታሰረው ቀለበት ቁጥር፣ ቀን፣ የጂፒኤስ ነጥብና ከፍታ በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ ውኃ ሲነካው ይፈሳል።

ለመያዝ 12 ሜትር ርዝመትና 16 ሚሊ ሜትር ዓይን ያለው ጥቁር የናይለን መረብ ይበቃል። በታጨደ ገላጣ ማሳ ላይ ግን ነፋስ መረቡን ስለሚያወዛውዘው ወፏ ታየዋለች፤ ጎህ ሲቀድ ከውኃ ዳር ወይም ከአጥር ቁጥቋጦ ጎን መትከል ይሻላል። መረቡ በየ20 ደቂቃው ይታይ፤ ነፋስ ሲነሳ ወይም ፀሐይ ስትበረታ ይታጠፍ። ያለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ መረብ አይዘረጋም። ከተሰበሰበው ናሙና ግማሹ አራት ኪሎ ባለው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሙዚየም መቅረት አለበት ብለን እናምናለን፤ ዛሬ ሁሉም ውጭ ከሄደ ከሃያ ዓመት በኋላ የምናወዳድረው አይኖረንም።

መሐል ከተማም የራሱ ድርሻ አለው። በየትኛውም ከተማ የመስታወት ሕንፃና የሌሊት መብራት መንገደኛ ወፍ ይጥላል። ሰንጋ ተራና ካዛንቺስ ያሉት ፎቆች ሥር መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ መጥረጊያ ሳይደርስ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት መዞር ያስፈልጋል። የወደቀች ወፍ ከተገኘች እግሯ ይታይ። ቀለበት ካለ ሙሉ ጽሑፉ ፎቶ ይነሳ፤ ቁጥሩ ብቻውን፣ የአገሩ ስም ሳይኖር፣ አይጠቅምም።

የሬዲዮ ምልክት ሌላው አማራጭ ነው። ከግማሽ ግራም የሚያንስ አስተላላፊ፣ እይታው ካልተጋረደ እስከ 15 ኪሎ ሜትር ድረስ በመሬት ጣቢያ ይሰማል። ሞተስ የሚባለው የካናዳ መነሻ ያለው የጣቢያዎች ትስስር የሚሠራው በዚህ ነው። ብዙ ሰው ጣቢያውን አራት ኪሎ ጣሪያ ላይ መትከል ያምረዋል፤ እኛ አንደግፍም። የሊፍት ሞተር፣ ርካሽ የኤልኢዲ መብራትና ጄኔሬተር የሚፈጥሩት የሬዲዮ ጫጫታ ደካማውን ምት ይውጠዋል። አንቴናው ሱሉልታን በሚያየው የእንጦጦ ጀርባ ይሁን፤ እዚያም የቴሌኮም ማማ ስላለ ከመትከል በፊት ለአንድ ሳምንት ጫጫታው ይለካ። የኬብሉ መገጣጠሚያ በውኃ መከላከያ ቴፕ በደንብ ካልተጠቀለለ የመጀመሪያው ክረምት ይጨርሰዋል። ምድር ሽቦ የሌለውን ደግሞ መብረቅ። አስተላላፊው አውሮፓ ላይ በሰኔ ከታሰረ ባትሪው እዚህ ሳይደርስ ሊያልቅ ስለሚችል፣ እዚህ በየካቲት ማሰር ይሻላል፤ ሦስት ወር ቢሠራ የመልስ ጉዞውን ይሸፍናል። በምሥራቁ መስመር ላይ ጣቢያ ጥቂት ስለሆነ ከታሰሩት ብዙዎቹ ላይሰሙ ይችላሉ። ለዚህ ነው ላባን የምናስቀድመው።

ከሁሉም ጋር አብሮ መሄድ ያለበት ቆጠራ ነው። ወፏ የምትኖረው በቃርሚያ ነው፤ ከአጨዳ በተረፈ ጥሬና በአረም ዘር። ማሳው ወዲያው ታርሶ ለመስኖ ስንዴ ከዋለ፣ አረሙ ቱፎርዲ በሚባለው ፀረ አረም ካለቀ ወይም ሜዳው መጋዘን ከተሠራበት የምትለቅመው የለም። ሁለት ሰው አንድ ኪሎ ሜትር መስመር ይዞ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት በየሁለት ሳምንቱ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ይራመድ፤ ሰብሉን፣ የገለባውን ቁመት፣ ከብት መግባት አለመግባቱን ይመዝግብ። ምንም ወፍ ባልታየበት ቀን ቅጹ ላይ ዜሮ ይጻፍ። ባዶ የተተወ ሳጥን ወፍ አልነበረም ይሁን ሰው አልሄደም፣ በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም።