አቻ ስለወጣ ልክ ነበር ማለት ነው?

«አየህ? አፍህን አዘጋህ!»

እሁድ ጠዋት ቡናዬን ሳልጨርስ ከጓደኛዬ የደረሰኝ መልእክት ነው። ፓኪያኦ ለሻምፒዮንነት ቀበቶ የመፋለም ዕድል ሊሰጠው አይገባም ስል ነበርና። ፊሊፒንሳዊው ቦክሰኛ ማኒ ፓኪያኦ በ46 ዓመቱ ላስ ቬጋስ ላይ ከሻምፒዮኑ ከማሪዮ ባሪዮስ ጋር 12 ዙር ተፋልሞ አቻ ወጣ። ሁለት ዳኞች 114 ለ114፣ አንዱ ደግሞ 115 ለ113 ለባሪዮስ። ከዚያ ወዲህ የምሰማው አንድ ነገር ነው፦ «ዕድሉ መሰጠቱ ልክ ነበር፣ ውጤቱ ራሱ መሰከረ።»

ምኑን ነው የመሰከረው? ሰክሮ የነዳ ሰው ቤቱ በሰላም ስለገባ ሰክሮ መንዳት ልክ ሆነ እንዴ?

ፓኪያኦ እ.ኤ.አ. በ2021 በዮርዴኒስ ኡጋስ ተሸንፎ ጓንቱን ሰቀለ። ከዚያ ለፊሊፒንስ ፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ፣ አልሆነም። ለሴኔትም ተወዳደረ፣ አልሆነም። በእነዚያ ዓመታት ከትዕይንት ግጥሚያ በቀር ሪንግ ውስጥ ምንም አልሠራም። የዓለም ቦክስ ካውንስል ግን ብድግ ብሎ በዌልተር ሚዛን (እስከ 66.7 ኪሎ) አምስተኛ ደረጃ ሰጥቶ ለቀበቶው አቀረበው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። ጂም ውስጥ ላባቸውን እያፈሰሱ ተራቸውን የሚጠብቁት ወጣቶች ምን ይበሉ?

«ፎርማንስ?» ይሉኛል። አዎ፣ ጆርጅ ፎርማን በ45 ዓመቱ ማይክል ሙረርን በዝረራ ጥሎ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኗል። ግን ከዚያ በፊት፣ ከአሥር ዓመት ዕረፍት በኋላ በ1987 ወደ ሪንግ ሲመለስ ቀበቶ አሳይቶ የጠራው አልነበረም። ከታች ጀመረ። በ1991 ሻምፒዮኑ ሆሊፊልድ ፊት እስኪቆም ድረስ ከ20 በላይ ፍልሚያ አድርጓል። ወረፋውን ጠብቋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ወረፋው ብቻ አይደለም። ቡጢ ሒሳቡን የዕለት ዕለት አይጠይቅም። ያጠራቅማል። ፓኪያኦ ፕሮፌሽናል የሆነው በ1995 ነው፣ ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ። ከቀላሎቹ ምድቦች አንዱ ከሆነው ከዝንብ ሚዛን ተነስቶ በስምንት ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ፤ ከእሱ ሌላ ይህን ያደረገ ሰው የለም። እናደንቀዋለን። ግን ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የሚመታው ሰው እየከበደ ነው የሄደው። በ2010 ማርጋሪቶን ሲገጥም ሰውየው በቁመትም በክብደትም ይበልጠው ነበር። በ2012 ደግሞ ማርኬዝ አለ። ስድስተኛው ዙር ሊያልቅ አንድ ሰከንድ ሲቀረው ፓኪያኦ ወደፊት ገባ፣ የማርኬዝ ቀኝ እጅ ተቀበለው። በግንባሩ ተደፋ። አልተንቀሳቀሰም። ሚስቱ ከሪንጉ ሥር ሆና ስታለቅስ አይቻለሁ። ያቺ ቡጢ የት ሄደች? ጠፋች? እዚያው ጭንቅላቱ ውስጥ ናት።

«ሐኪም አይቶ ፈቅዶለታል» የሚሉም አሉ። መሐመድ አሊንም አይተውት ነበር። በ1980፣ በ38 ዓመቱ፣ ተመርምሮ ፈቃድ ተሰጥቶት ሻምፒዮኑ ላሪ ሆልምስ ፊት ቆመ። አሥር ዙር ሙሉ ተቀጠቀጠ። አሰልጣኙ አንጄሎ ዳንዲ ባያስቆመው ኖሮ ይቀጥል ነበር። በ1984 ፓርኪንሰን የሚባለው የሚያንቀጠቅጥ በሽታ እንዳለበት ተነገረው። መንስኤው ቡጢ ነው ወይስ አይደለም እያሉ ሐኪሞች ይከራከሩ፤ እኔ ግን አልጠራጠርም።

ደግሞ ይሄን ስሙ። ፓኪያኦ በፓሪስ 2024 ልወዳደር ሲል ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ዕድሜህ ከ40 አልፏል ብሎ መልሶታል። እዚያ ፍልሚያው ሦስት ዙር ብቻ ነው። ሦስት ዙር የተከለከለ ሰው፣ ከዓመት በኋላ፣ ዕድሜ ጨምሮ፣ ዕድሜው 30 ከሆነ ሻምፒዮን ጋር 12 ዙር ተፈቀደለት! ምን ተለወጠ? የትኬቱ ገበያ እንጂ ሌላ ምን?

ግራ እጁ አሁንም ፈጣን ነው፣ አልክድም። ግን የመጨረሻዎቹን ዙሮች ደግማችሁ እዩዋቸው። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዙሮች ሦስቱም ዳኞች ለባሪዮስ ነው የሰጡት። ያን ጊዜ እኔ እጁን ሳይሆን እግሩን ነበር የማየው። ከዘጠነኛው ዙር በኋላ ያ ከጎን ወደ ጎን የሚዘለው እግር ከብዶታል።

እሱ ግን ገና ሪንጉ ላይ እንደቆመ የመልስ ግጥሚያ እፈልጋለሁ አለ። ይበል፣ እሱ ቦክሰኛ ነው፣ ቦክሰኛ በቃኝ አይልም። በቃህ ማለት የካውንስሉ ሥራ ነው። ደረጃውን ያንሳ። ፓኪያኦ የግድ መፋለም ካለበት ደግሞ እንደ ፎርማን ከታች፣ ቀበቶ በሌለበት፣ ስምንት ዙር በማይሞላ ግጥሚያ ይጀምር።