ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል

ዛሬ ላመሰግን ነው የተነሳሁት። ማማረሬን የለመዳችሁ አንባቢዎቼ አንድ ቀን ቻሉኝ። የማመሰግነው ሰው አይደለም፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ሦስት ቃል ብቻ ነች፤ የ7ኛ ክፍልን ደጃፍ የረገጠ ሁሉ በቃሉ ያውቃታል። ሌላው ሒሳብ ሁሉ ከጭንቅላታችን ሲተን እሷ ቀርታለች። ሁለት ልጅ የወለደ ጎልማሳ ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ "አምስት ከእኩል ምልክቱ ወደ ማዶ ሲሄድ?" በሉት። ዓይኑን ሳይገልጥ ይመልስላችኋል፦ "ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል።" ለምን ብላችሁ ግን አትጠይቁት። ሰውየው ይተኛበት።

ባለፈው ቅዳሜ እህቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሲቀዳ የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። 7ኛ ክፍል ናት። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ የ3 እስክሪብቶ ዋጋ ላይ 5 ብር ሲጨመር 20 ብር ይሆናል፤ የአንዱ እስክሪብቶ ዋጋ ስንት ነው? እሷም እንደ ወጉ 3ኤክስ + 5 = 20 ብላ ጽፋለች። ጎበዝ። ቀጥላ አምስትን አሻግራ 3ኤክስ = 15 ብላለች። አሁንም ጎበዝ። ከዚያ ሦስትን አሻገረች። ኤክስ = 15 ÷ (−3)። ኤክስ = −5።

ከጎኑ አስጠኚዋ በቀይ እስክሪብቶ ራይት አድርጎበታል። ራይቷ ደግሞ ረዥምና ቆንጆ ናት።

"የኔ ልጅ፣ ሦስቷ ለምን ኔጌቲቭ ሆነች?"

"ተሻገረቻ!"

እንዴት እንዳየችኝ ብታዩ። አዘነችልኝ። ያልተማረ አጎት እንዳላት ያን ቀን ነው ያወቀችው። ኔጌቲቭ አምስት ብር ማለት ባለሱቁ እስክሪብቶውን ሰጥቶህ አምስት ብር ምርቃት ይጨምርልሃል ማለት እንደሆነ ልነግራት ሞከርኩ። "ሒሳብ ነው እኮ፣ ሱቅ አይደለም" አለችኝ። ይቺ መልስ እኔ በስንት ዓመት ያልጻፍኳት ትችት ናት፤ አለፍኳት።

ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አላስተኛኝም። የእኩል ምልክቷን ሳስባት አደርኩ። ሁለት አግድም መስመር። ኬላ ነው የምትመስለው። አንድ ገመድ አልበቃ ብሎ ሁለት ገመድ የተወጠረበት ጥብቅ ኬላ። ፕላስ አምስት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከግራ በኩል ተሳፍሯል። ንጹሕ ሰው ነው፣ የማንም ዕዳ የለበትም። ኬላው ጋ ሲደርስ ረዳቱ "ውረዱ፣ ፍተሻ ነው!" ይላል። ፈታሹ መታወቂያውን ገልበጥ ገልበጥ ያደርጋል።

"ፕላስ ነህ?"

"አዎ ጌታዬ።"

"ወዴት ነህ?"

"ሃያ ጋ ነኝ፣ ዘመድ ጥየቃ።"

"በፕላስ አይታለፍም።"

"ለምን ጌታዬ?"

"መመሪያ ነው።"

ይልና የፕላሷን ቋሚ እንጨት ነቅሎ ያስቀራታል። አምስት አግድሟን ብቻ ታቅፎ፣ ማይነስ ሆኖ ያልፋል። ዘመድ ሊጠይቅ የሄደው ሰው ሃያ ቤት ሲደርስ ከሃያ ላይ ይቀንሳል። እንግዳ እንዲህ ነው እንዴ? የተነቀለችው እንጨት ግን አትባክንም። ከወዲያ ማዶ ለሚመጣው ማይነስ ትተከልለታለች፤ እሱም ፕላስ ሆኖ እየተንጎማለለ ያልፋል። ስለዚህ ኬላው ላይ የእንጨት እጥረት የለም። ፈታሹም በጀት ጠይቆ አያውቅም።

ቀጥሎ ሦስት ይመጣል። ሦስት ከኤክስ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ነው፤ በመሐላቸው የማባዣ ምልክት ብትኖርም ቆጥበን አንጽፋትም። "እኔ እንኳን የሚነቀል እንጨት የለኝም፣ አባዥ ነኝ" ይላል። ፈታሹ ግራ ይጋባል። መዝገቡን ያያል። አለቃው ጋ ይደውላል። አለቃው ስብሰባ ላይ ነው። ኋላ የመጡት ቁጥሮች ጡሩምባ ማሰማት ይጀምራሉ። አንዲት ግማሽ ልጅ አዝላ "ኧረ በእናታችሁ፣ መሸብን" ትላለች። ሃያ ወዲያ ማዶ ምሳ አቅርቦ ይጠብቃል፣ ወጡ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ፈታሹ ይወስናል። "ተሻጋሪ ሁሉ ይቀየራል!" ሦስትን ይዞ ግንባሩ ላይ ማይነስ ይለጥፍበታል። ሦስት እያለቀሰ ያልፋል። እስክሪብቶውም ኔጌቲቭ አምስት ብር ይሆናል።

ምሳሌዬ ረዘመች አይደል? እኔም አውቄያለሁ። ግን ልተዋት አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ይቺ ሕግ በሰውም ላይ ትሠራለች። ተከራይ ሳለ የአከራይ ግፍ ሲያወራ ምራቁ ይደርቅ የነበረውን ታውቁታላችሁ። ኮንዶሚኒየም ደረሰው፣ ተሻገረ። አሁን "እንግዳ ከሁለት ሰዓት በኋላ አልፈልግም፣ ልብስም በሳምንት አንዴ ነው የሚታጠበው" ይላል። "ነገ ተመለሱ" የሚባል ቃል ያንገበግበው የነበረው ባለጉዳይም ጠረጴዛውን ዞሮ ሲቀመጥ የመጀመሪያ ሥራው ያንኑ ቃል ማለት ነው። ማን አስተማራቸው? 7ኛ ክፍል።

ሌላው ምስጋናዬ ለአስጠኚዎችና ለሾርትከት ነጋዴዎች ይሁንልኝ። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንዱ ወጣት "ኢኩዌሽን በአምስት ሴኮንድ!" እያለ ነጭ ሰሌዳ ፊት ይወራጫል። አምስት ሴኮንድ! የተረፈውን ጊዜ ልጁ ምን እንዲያደርግበት እንደታሰበ አልገባኝም። ምናልባት ሁለተኛውን ቪዲዮ እንዲያይ ይሆናል። የክፍሉም መምህር ቢሆን ከዚህ አያንስም። ሰሌዳውን ሞልቶ ዞር ይልና "ገባችሁ?" ይላል። ስልሳ ልጅ በአንድ ድምፅ "አዎ!" ይላል። "ያልገባው እጁን ያውጣ!" ፀጥ። ሰሌዳው ተጠረገ። በዓለም ላይ እንዲህ ፈጣን ምዘና የትም አይገኝም፤ ወረቀት እንኳን አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ቀልዴን ልግታ።

እኔ 7ኛ ክፍል ሳለሁ እጁን ያወጣ አንድ ልጅ ነበር። "ቲቸር፣ ለምንድን ነው የሚቀየረው?" አለ። ጥያቄው ያ ብቻ ነው። "አንተ ነህ የምታስተምረው እኔ?" ተባለ፣ ሰሌዳው ሥር ተንበረከከ፣ እኛም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ያ ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ለሒሳብ እጁን ሲያወጣ አላየሁም። ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀ ብቸኛው ልጅ እሱ ነበር፣ የቀጣነውም እሱን ነው። አሁን ደግሞ ውጤት ሲመጣ እንደ እንግዳ እንደነግጣለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ሲባል እጃችንን አፋችን ላይ ጫንን። ምን ያስደንቃል? ሳይገባቸው ከሰባት ወደ ስምንት አሻገርናቸው። ከስምንት ወደ ዘጠኝ አሻገርናቸው። መጨረሻው ኬላ ላይ እንጨታቸው ተነቀለ። ያፈርነው ግን በልጆቹ ነው! ነውር ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ፣ ጨጓራዬ ሳይነሳብኝ።

የመሻገርን ጸጋ ለልጆቻችን አንድ ብቻ አላደረግነውም። አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ እስከ 6ኛ ክፍል ሒሳብን በአማርኛ ይማርና 7ኛ ሲገባ በእንግሊዝኛ ይቀበለዋል። ልክ ቁጥሩ ፊደል በሚሆንበት ዓመት ቋንቋውም አብሮ ይቀየራል። እንዴት ያለ ቅንጅት ነው! "ሲምፕሊፋይ" እና "ሶልቭ" የሚባሉትን ማን ይለይለት? 3ኤክስ + 6ን አሳጥር ሲባል እኩል ዜሮ ጨምሮ፣ አሻግሮ፣ ቀይሮ፣ ኤክስ = −2 ብሎ ያስረክባል። ያልተጠየቀውን መለሰ እንጂ ሰነፍ አይደለም። መምህሩ ደግሞ ሊያግዝ ፈልጎ "ኤ-ን አቮካዶ፣ ኤም-ን ማንጎ በሉት" ይላል። "ሁለት አቮካዶና ሦስት ማንጎ ሲደመር?" ልጁ ጭማቂ ቤት ያደገ ነው። አቮካዶና ማንጎ ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ ከመምህሩ በላይ ያውቃል። 5ኤኤም። ስፕሪስ!

ፊደሏ የቁጥር ቦታ መያዣ እንጂ ፍሬ እንዳልሆነች፣ "ኤ" አቮካዶ ሳትሆን የአቮካዶው ዋጋ ልትሆን እንደምትችል ለመንገር አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር። ግን ምዕራፉ ማለቅ አለበት።

የሚገርመው፣ አልጀብራ የሚለው ስም ራሱ ከአረብኛው "አል-ጀብር" የመጣ ነው። በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ የነበረው የሒሳብ ሊቅ አል-ኸዋሪዝሚ ነው በመጽሐፉ ርዕስ ላይ ያስቀመጠው። ትርጉሙ የጎደለን መመለስ፣ የተሰበረን መጠገን ነው። ስፔኖች ከዚሁ ቃል ወስደው አጥንት የሚጠግነውን ሰው አልሄብሪስታ ይሉት ነበር። በእኛ ወጌሻ ማለት ነው። በዚህኛው ወገን የተቀነሰውን ትመልሳለህ፣ በዚያኛውም ያንኑ ያህል ትጨምራለህ። የእኩል ምልክቷን ሁለት መስመሮች ደግሞ በ1557 እ.ኤ.አ. የፈጠራቸው ሮበርት ሪኮርድ የሚባል የዌልስ ሰው ነው። ከሁለት ትይዩ መስመሮች የበለጠ እኩል የሆነ ነገር የለም ብሎ ነው የመረጣቸው። ኬላ ሊሠራ አልነበረም። እኛ ግን ወጌሻውን በፈታሽ ተካነው፤ እድገት ነው።

ለማንኛውም እሁድ ለእህቴ ቅቤ ልንገዛ ስንሄድ ልጅቷን ይዣት ሄድኩ። ቅቤ ሻጯ ሁለት ሳህን ያለው አሮጌ ሚዛን ነው ያላት። ቅቤውን በጎድጓዳ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጋ በአንድ በኩል ጫነችው። በሌላው በኩል የአንድ ኪሎዋን ብረት አስቀመጠች። እህቴ አፏን ልትከፍት ስትል ሴትየዋ ቀደመቻት። ሌላ እንደዚያው ያለ ባዶ ፕላስቲክ ከሥሯ አውጥታ ከብረቱ ጋር ደረበችው። "የዕቃውን አላስከፍልሽም እናቴ፣ እዚህም አለ፣ እዚያም አለ" አለች።

ልጅቷ ሚዛኑን ዝም ብላ አየች። ቆየች።

"ሁለቱም ጋ ብታነሳውስ?"

"ያው ነዋ" አለች ሴትየዋ፣ ጣቷን እየጠረገች።

መንገድ ላይ ደብተሯን አውጥታ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች። አምስት የትም አልተሻገረም። ከዚህም አምስት ተነሳ፣ ከዚያም አምስት ተነሳ፣ 15 ቀረ። 15 ብር የሦስት እስክሪብቶ ከሆነ ለሦስት ይከፈላል። እስክሪብቶው አምስት ብር ሆነ። ማይነስ የሚባል ነገር በአካባቢው አልነበረም። በረዥሟ ራይት ላይ ኤክስ አደረገችበት፤ እኔ አይደለሁም ያልኳት።

ሰኞ ማታ ደወለችልኝ። የቤት ሥራዋን "ከሁለቱም ወገን 5 ቀንሼ" እያለች ሠርታ አስገብታለች። መምህሩ "ይሄ ምን ዝባዝንኬ ነው፣ አሻግረሽ አትሠሪም?" ብሎ ግማሽ ማርክ ቀንሶባታል። ከእሷ ወገን ብቻ።

"ረቡዕ ፈተና አለን። ምን ብዬ ልሥራ?"

እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። ትንሽ አሰብኩ።

"ሲሻገር ይቀየራል ብለሽ ሥሪው" አልኳት። "አምስትን ቀይሪ፣ ሦስትን ግን እንዳትቀይሪ።"

"በሱ ከሆነ ሦስትስ ለምን አይቀየርም?"

"እሱን ዝም ብለሽ ያዢው።"