የጦሳ ጉም እና የእኩለ ሌሊት ጭብጨባ

ባለፈው ሳምንት ቶሮንቶ ውስጥ የአገራችን ልጆች በተሰበሰቡበት አዳራሽ የሰማሁት አንድ ቃል እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ። የደሴ ልጆች የሠሩትን የካራቴ ፊልም ላሳይ ለምኜ ለምኜ አርባ ደቂቃ ተፈቅዶልኝ ነበር። ገና አሥረኛው ደቂቃ ላይ ከኋላ ወንበር አንዱ ጮክ ብሎ፣ "ይሄማ ለፈረንጅ ባይታይ ይሻላል፤ ድህነታችንን አደባባይ ማውጣት ነው" አለ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሰው ስለሳቀ አይደለም የተቃጠልኩት። ተናጋሪውን ስለማውቀው ነው።

በ2012 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ሰሞን፣ በፈረንጆቹ 2019 መሆኑ ነው፣ ከዚሁ ሰው ጋር እዚሁ ከተማ በዓለም አቀፉ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የእኩለ ሌሊት ፊልም ለማየት ተሰልፈናል። የኡጋንዳ ፊልም ነበር። የሠራው ናብዋና የሚባል ሰው ነው፤ ካምፓላ ውስጥ ዋካሊጋ በምትባል የድሃ ሰፈር ጡብ እየሠራ የኖረ። የታገቱ ሕፃናት በኩንግ ፉ አጋቾቻቸውን ሲያራውጧቸው ፈረንጁ ሁሉ ከወንበሩ ተነሣ። ወዳጄ እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ። በሌሊት አውቶቡስ ስንመለስም "ጥበብ ማለት ይሄ ነው! በባዶ እጅ!" እያለ እስከ ሰፈራችን አልዘጋም።

የናብዋና ነገር እውነትም ያስደንቃል። በ2010 እ.ኤ.አ. የሠራው፣ ስሙን በዓለም ያስጠራው "ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?" ከ200 ዶላር በታች እንደፈጀ ይነገራል። ኮምፒውተሩን ከአሮጌ ዕቃ ቃርሞ ራሱ ገጣጥሞታል። ተዋናዮቹ ዲቪዲውን ቤት ለቤት እየዞሩ ይሸጡና ከገቢው ይካፈላሉ። የሚቀጥለውን ፊልም የሚያስቀምጥበት ቦታ ሲያጣ የፊተኛውን ከኮምፒውተሩ አጠፋው። ስለዚህ ዛሬ ዓለም የሚያየው ቅጂ ቪጄ ኤሚ የሚባለው ሰው በላዩ ላይ እየተናገረ፣ እየቀለደ፣ እየጮኸ የሚሄድበት ነው። የኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

እኔም አጨብጭቤያለሁ። አንድ ነገር ግን ያን ሌሊትም ከንክኖኝ ነበር። ከአዳራሹ ስንወጣ በየደጃፉ የሚወራው ስለ ገንዘቡ ብቻ ነበር፤ በስንት ብር ሠሩት፣ በምን ኮምፒውተር፣ በምን ሰፈር። ስለ ልጆቹ ምት አንድም ሰው ሲያነሣ አልሰማሁም።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ደሴ ገባሁ። የአጎቴ ልጅ ከፒያሳ ብዙም በማትርቅ የቆርቆሮ አዳራሽ ቴኳንዶ ይሠራል። ልምምዱን ልይ ብዬ ገብቼ ሦስት ሳምንት እዚያው ከረምኩ። ሳቦማቸው፣ አሠልጣኛቸው ማለት ነው፣ ቀን ባጃጅ ይነዳል፣ ማታ ያሠለጥናል። "ፊልም እየሠራን ነው ጋሼ፤ ያንተ ስልክ ጥሩ ይቀርጻል አሉኝ" አለኝ። በቃ፣ ስልኬ የፊልሙ ካሜራ ሆነ። ማታ ማታ የተቀረጸውን ወደ ሳቦሙ ላፕቶፕ እየገለበጥን ስልኩን ለነገ ባዶ እናደርገዋለን። ማሳደድ ያለበት ቦታ ላይ በባጃጁ በኩል ወጥቼ እቀርጻለሁ። ደሙ ቀይ ሥር ነው፤ ተቀቅሎ በስኳር ወፈር ተደርጎ። የቡጢው ድምፅ ደግሞ የሳቦሙ እናት እርጥብ ጋቢ በዱላ ሲደበደብ የሚወጣው ነው። እትዬ መጀመሪያ "ጋቢዬን ጨረሳችሁት!" ብለው ተቆጡ፤ በኋላ ግን ዱላውን ተቀብለው "እንዲህ ነው የሚመታው" ብለው ራሳቸው መቱት። ፊልሙ ውስጥ በጣም የሚያመው ቡጢ የእሳቸው ነው።

የመጨረሻውን ፍልሚያ ጦሳ ተራራ ላይ ነው የቀረጽነው። እዚህ አገር ጉም በማሽን ይነፋል፤ በሰዓት ይከፈልበታል። ጦሳ ጉሙን በነጻ ይሰጣል፣ ግን በራሱ ሰዓት። አንዱ ምት በጉም ተቀርጾ የሚቀጥለው በፀሐይ ከሆነ አይገጥምም። ስለዚህ አራት ቀን ሙሉ ከሰዓት በኋላ ተራራው ላይ ተቀምጠን በብርድ እየተንቀጠቀጥን ጉም ጠበቅን። ሲገለጥ ቆሎ እንበላለን፣ ሲመጣ ልጆቹ ጃኬታቸውን ጥለው በዶቦክ፣ በቴኳንዶ ልብሳቸው ብቻ ይነሣሉ።

አክተሩ የ17 ዓመት ልጅ ነው። በድንጋይ አጥር ላይ ዘሎ አየር ላይ ሁለት ጊዜ መምታት አለበት። ስንት ጊዜ እንደወደቀ መቁጠር አቁሜ ነበር። ጉልበቱ ሲደማ አንጀቴ አልችል ብሎ፣ ዝላዩን ለብቻ፣ ምቱን ለብቻ ቀርጸን እንቀጥለው አልኩት። ብዙ የአሜሪካ ፊልም እንዲህ ነው፤ ተዋናዩ መምታት አለመቻሉ እንዳይታይ በየሰከንዱ ይቆራረጣል። የድሮዎቹ ሆንግ ኮንጎች ግን ሰውየውን ከራሱ እስከ እግሩ እያሳዩ ሳይቆርጡ ያቆዩታል። ልጁ ይሄን ትምህርት ቤት አልተማረም፤ ከቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ነው ያወቀው። "ከቆረጥነውማ ማን ያምነናል?" አለኝ። ደግሞ ዘለለ።

ሸዋ በር አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን አሳየነው። ሰዉ በር ላይ ሁሉ ቆሞ ነበር። እኔም ስልኬን አውጥቼ ቴሌቪዥኑን ከነሰዉ ቀረጽኩት። ሕፃናቱ "ቦሱ ከኋላህ!" እያሉ አክተሩን ያስጠነቅቃሉ። አንዲት ሴት "ውይ፣ ያ የኛ አጥር!" ብላ ተነሣች። ፊልሙ ሲያልቅ ድሮ ካራቲስት የነበረ አንድ ጎልማሳ ከመሐል ቆመ። "ዝላዩ ወላሂ ይገርማል። ሁለተኛዋ ምት ግን አልነካችም" አለ። ግማሹ ነክታለች፣ ግማሹ አልነካችም ብሎ ጭቅጭቁ እስከ መንገዱ ወጣ። ልጁ አላፈረም፣ አልተቆጣም። ቀርቦ "እግሬን የት ላይ ላድርገው?" ብሎ ጠየቀ፤ ሰውየውም ጫማውን አውልቆ እዚያው አቧራው ላይ አሳየው። በስልክ ይቀረጽ በምን፣ ስንት ብር ይፍጅ፣ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሳቦሙ ቤተሰቡን ይዞ ወጣ። ሲመለስ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ላፕቶፑም ከተዘረፈው ጋር ሄዷል። ከፊልሙ የቀረው እኔ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ከቴሌቪዥን ላይ የቀረጽኩት፣ የሸዋ በር ሕፃናት የሚጮኹበት ቅጂ ብቻ ነው።

በአዳራሹ ያሳየሁት እሱን ነው። ከማሳየቴ በፊት ይሄን ሁሉ ልናገር አስቤ ነበር፤ አዘጋጆቹ ሰዓት የለም ብለው ማይኩን ወሰዱብኝ። ያንኑ ማይክ ለሎተሪ ዕጣ ግማሽ ሰዓት ያዙት። ይሄም አሁን ድረስ ያናድደኛል። ሲያልቅ ወዳጄን ውጭ አገኘሁትና ያን ሌሊት ያለውን አስታወስኩት፤ በባዶ እጅ መሥራት ጥበብ ነው ያልከው አንተ አይደለህም ወይ አልኩት። "እሱ እኮ የኡጋንዳ ነው" አለኝ። ከልቡ ነው ያለው፤ ምንም አልተሸማቀቀም። የጎረቤት ድህነት ሲሆን ቆመን እናጨበጭባለን፤ የኛ ሲሆን ሰው ሳያይ ይሸፈንልን እንላለን። በሁለቱም ጊዜ ግን ያ ልጅ በአየር ላይ ያደረገውን አላየንም። እኔ መልስ አጥቼ ወደ መኪናዬ ሄድኩ፤ መልሱ ቤት ስደርስ ነው የመጣልኝ።

ማታ ሳቦሙ ደወለ። አክተሩ አሁን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጥሮ፣ ከሥራ መልስ ሕፃናት እንደሚያሠለጥን ነገረኝ። "ቅጂው አንተ ጋ አለ አይደል? ልጆቹ ይዩት" አለ። ኔትወርኩ ስለማይችል ቆራርጬ መላክ ጀመርኩ። ጩኸቱን ላጥፋው ወይ ስለው "ኧረ ተወው!" አለኝ። አራተኛው ቁራጭ የጦሳው ዝላይ ነው። ሌሊቱን የልጁ የድምፅ መልእክት ገባ፦

"ጋሼ፣ ሁለተኛዋ ምት እኮ ነክታለች። አቁመህ እያት።"

አቁሜ አየኋት። ነክታለች።