በዓመት አንዴ የሚፈታ አንደበት

ስኮትላንዳውያን ቆጣቢዎች ናቸው ሲባል ስለ ገንዘብ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። ገንዘብ መቆጠብማ ማንም ያውቅበታል፤ እነሱ የሚደነቁት ቋንቋ ሲቆጥቡ ነው። ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱትን፣ የእንግሊዝኛ ዘመድ የሆነውን ስኮትስ በየገበያው አያዝረከርኩትም፤ እንደ ክት ልብስ አጣጥፈው ሳጥን ከተውታል። የሚወጣበት ቀንም የታወቀ ነው፤ ጃንዋሪ 25፣ የእኛ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ባለቅኔው ሮበርት በርንስ እ.ኤ.አ. በ1759 የተወለደበት ዕለት።

የዚያን ዕለት ማታ ማየት ነው! ዓመቱን ሙሉ ሱሪ ለብሶ የከረመው የባንክ ሠራተኛ በኪራይ ኪልት፣ በአገሩ የወንዶች ጉርድ ቀሚስ፣ ብቅ ይላል። ባግፓይፕ ነፊው ከፊት፣ ትሪ የያዘው ወጥ ቤት ከኋላ ሆነው ሃጊስ ሲገባ ታዳሚው ብድግ ብሎ ያጨበጭባል። ሃጊስ የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ከአጃና ከሽንኩርት ጋር ተከትፎ በጨጓራ ውስጥ የተቀቀለ ነው፤ ዱለት እየበላ ያደገ ሰው አይደነግጥም። ከዚያ አንዱ ቢላ ይዞ ፊት ለፊቱ ይቆምና በርንስ ለዚሁ ምግብ የጻፈለትን ግጥም በስኮትስ ያንበለብለዋል። ቢላው የሚወለወልበት ስንኝ አለ፣ የሚሰካበትም ስንኝ አለ። ሲሰካ እንፋሎቱ ቡን ይላል፣ ዊስኪው ይነሳል፣ ዓይን እንባ ያቀርራል። በዓመት አንዴ አንደበቱ የተፈታለት ሰው የሚያናግረው የበግ ጨጓራ ነው። ብልህ ምርጫ ነው፤ ጨጓራ «በሥርዓት ተናገር!» ብሎ አያርምም።

ማረም የመምህራን ሥራ ነው። በየጃንዋሪው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆች የስኮትስ ግጥም በቃላቸው ይወዳደራሉ። አሳምሮ የወጣው የምስክር ወረቀት ይቀበላል፣ እናት ፎቶ ታነሳለች፣ ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ ይለጠፋል። ይኸው ልጅ ፌብሯሪ ላይ በዚያው ቋንቋ «አላውቅም» ቢል፣ አስተማሪው ቀርቶ ያቺው ፎቶ ያነሳችው እናት «አፍህን አስተካክል!» ትለዋለች። ልጁ ግራ ይጋባል ብላችሁ አትዘኑለት፤ ቶሎ ይገባዋል። የሞተ ባለቅኔ ሲናገረው ቅርስ ነው፤ በሕይወት ያለ ሕፃን ሲናገረው ስድነት።

ይህ ያልገባው አንድ ወጣት ነበር። በ1993 ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ «የስ» ማለት ሲገባው በአገሩ አነጋገር «አይ» ብሎ መለሰ፤ አዎ ማለቱ ነበር። ችሎት ደፍረሃል ተባለ። ጥፋቱ የራሱ ነው። እስከ ጃንዋሪ 25 ቀጠሮ መጠየቅ ይችል ነበር።

ጥበቡ በአንድ ጀንበር የመጣ አይደለም። ታላቁ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1752 ጨዋ ሰው ሊጽፋቸው የማይገቡ ስኮትላንድኛ አባባሎችን ዘርዝሮ አሳትሟል። በሃይማኖት ነገር ተጠራጣሪነቱ የታወቀ ነውና ንስሐ ከእሱ የሚጠብቅ አልነበረም፤ ሆኖም ተናዝዞ የሞተው ኃጢአቱን ሳይሆን ስኮትላንድኛውን ነው እያሉ አምተውታል። በ1761 ደግሞ ኤደንብራ ውስጥ የእንግሊዝኛ አነጋገር ትምህርት ሲሰጥ ወደ 300 የሚጠጉ የከተማዋ ታላላቅ ሰዎች ገንዘባቸውን ከፍለው ተቀመጡ። አስተማሪው ቶማስ ሸሪዳን የሚባል ተዋናይ ነበር። የለንደን ሰው መስሏችሁ ከሆነ አይደለም፤ የደብሊን ልጅ፣ የለየለት አየርላንዳዊ ነው። እንግሊዝ ለመምሰል አየርላንዳዊ መቅጠር! ለዚህ ሲሆን ቁጠባ የለም።

በ1946 የወጣው የመንግሥት የትምህርት ሪፖርትም ስኮትስ የትም ቦታ «የተማረ» ሰው ቋንቋ እንዳልሆነ ገለጸ። በርንስ ከሞተ ልክ 150 ዓመት የሞላበት ዘመን ነበር፤ የሙት ዓመት መታሰቢያ መሆኑ ነው።

ቋንቋው ሳጥን ሲገባ ቅላጼው ውጭ ቀርቷል፤ እሱም እንጀራ ያበላል። የስኮትላንድ ቅላጼ እምነት ይጣልበታል ተብሎ ስንት ድርጅት የስልክ መልስ መስጫውን ግላስጎ ከፍቷል! የአገሬው ሰው ባሕር ማዶ ሄዶ «እንግሊዛዊ ነህ?» ያለው እንደሆነማ ወዮለት፤ ደሙ ፈልቶ፣ የአባቶቹን ጦርነት አንድ በአንድ ቆጥሮ ይወርድበታል። በእንግሊዝኛ።

በ2022 ቆጠራ ከ5.4 ሚሊዮኑ ሕዝብ 1.5 ሚሊዮን ያህሉ ስኮትስ እናገራለሁ ብሏል። ይህ ሁሉ ተናጋሪ እያለ የስኮትሱን ዊኪፒዲያ ማን ሞላው? ቋንቋውን የማይችል አሜሪካዊ ታዳጊ። በ12 ዓመቱ ገደማ ጀምሮ፣ መዝገበ ቃላት እየገለጠ፣ የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ እያጣመመ ከ20,000 በላይ ጽሑፎች አስገባ። በ2020 አንድ ሰው ጉዱን እስኪያወጣው ድረስ ዓመታት አለፉ። ያኔ ቁጣው ነደደ፤ ቋንቋችን ተደፈረ ተባለ። እኔ አድናቆቴ ለተቆጡት ነው። ያን ያህል ዓመት ገልጠው ላላዩት ነገር በአንድ ሌሊት ይህን ያህል መቃጠል የእውነተኛ ፍቅር ምልክት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ልጁ በበኩሉ ተናጋሪዎቹ ያልሠሩትን ሥራ ሠርቶ ስድቡን ጠጣ።

የደጋዎቹና የደሴቶቹ ቋንቋ ጌሊክ ደግሞ ሌላ ክብር አለው፤ ይለጠፋል። በባቡር ጣቢያ፣ በአምቡላንስ፣ በፖሊስ መኪና ላይ ታገኙታላችሁ። (በመኪናው ላይ ያለው የጌሊክ ጽሑፍ ለእኛ ጆሮ «ፖሊስ አልባ» ይመስላል፤ ባለ መኪናዎቹ አልሰሙም።) ሰሌዳ በተሰቀለ ቁጥር «እዚህ ጌሊክ ተነግሮ አያውቅም፣ የግብር ገንዘባችን ባከነ» የሚል ደብዳቤ ለጋዜጣ ይጻፋል። ከላኪዎቹ አንዱ አድራሻውን «ኪልማርኖክ» ብሎ ቢሞላ አይግረማችሁ፤ ስሙ ጌሊክ መሆኑን ነግረን ሰውየውን አናስቀይመውም።

አሁን ደግሞ ደስ የሚል ነገር መጥቷል። በ2025 የኤደንብራው ፓርላማ የስኮትላንድ ቋንቋዎች ሕግን አጽድቆ ለስኮትስም ለጌሊክም ይፋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። እሰይ ነው! ሕጉን ፈልጌ አየሁት፤ የጌሊክ ቃል ብልጭ የሚልበት ቦታ አለው፣ የጌሊክ ቦርዱን ስም ለመጥራት ሲገደድ። የቀረው፣ ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው፣ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሰው እንዲገባው ነዋ!