ይድረስ ለክቡር የሙቀት ቀስት

ጉዳዩ፦ ዓባይ በረሃ ላይ ስለፈጸሙት ድርጊት

ክቡር ሆይ፣

ከዳሽቦርዱ ጥግ ተቀምጠው ለመላው ዶልፊን ሚኒባስ የሚያስቡት እርስዎ ብቻ ነዎት። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። የናፍጣው ቀስት ደስ ባለው ሰዓት ነው የሚሠራው። እርስዎ ግን ከአዲስ አበባ ተነስተን ጎሃ ጽዮን እስክንደርስ መሃል ላይ ቁጭ ብለው “ሁሉም በቁጥጥር ሥር ነው” ይሉናል።

ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን መውጣት ስንጀምር ነው ጉድዎ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ጢም ብለን ተጭነን እያቃሰትን፣ ድንገት ዘለው ቀዩ ጋ! ያውም ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) አንድ ሐሙስ ሲቀረው። ምን ይደረግ? ከሞተሩ ትንሽ ሙቀት ይስብልን ብለን ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፈትን። በዓባይ በረሃ ማሞቂያ! ሞተሩ ደግሞ ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው። ጋቢና የተቀመጡት እናት እግራቸውን እያነሱ “ልጄ፣ ምጣድ ላይ ነው እንዴ ያስቀመጥከኝ?” አሉ።

ይህስ ይሁን። ቱቦ ፈንድቶ ውሃው አስፋልት ላይ ሲያልቅ ግን ቀስ ብለው ወደ ታች ይወርዳሉ። እርግጥ የሚለኩት ውሃውን ነው፤ ውሃው ከሄደ ምን ይለካሉ? ሪፖርትዎ ግን “ሙቀት ቀንሷል” ነው። በዚህ የምሥራች ስንት ሞተር ነክሶ (ተጣብቆ) ቀረ!

ከጋራዥ ወዳጆችዎ ጋር ያለዎትንም ነገር ደርሰንበታል። እርስዎ በሞቁ ቁጥር እነሱ “ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው” ይላሉ። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ከራዲያተሩ የሚያግደው እሱ ከወጣ ግን ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ሳይሞቅ ናፍጣ ይጠጣል፤ እርስዎም ከታች ተጋድመው ያረፍዳሉ። የራዲያተሩ ክዳን ላስቲኩ አልቆ እንደሆነ ግን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። በአዲስ አበባ ከፍታ ክዳን የሌለው ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ግፊቱን ይዞ እንዳይፈላ የሚያደርገው ያ ክዳን ነው። ርካሽ ስለሆነ ነው መሰለኝ የሚያከብረው የጠፋው። ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) ላልቶ፣ ራዲያተሩ በዝገት ተደፍኖ፣ ጥፋቱ ሁሉ “እሷማ አርጅታለች” ተብሎ በመኪናዋ ይላከካል።

ስለዚህ ከእንግዲህ በእርስዎ ሪፖርት ብቻ እንደማንነዳ እናስታውቃለን። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ውሃውን በዓይናችን እናያለን። ያገኘነውን የወንዝ ውሃ ትተን ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) እንሞላለን። ከመሃል ትንሽ ከፍ ካሉ ዳር ይዘን እንቆማለን፤ ክዳኑንም እስኪበርድ አንነካም። ቀዩ ጋ ብቻዎን ይድረሱ።

ከሰላምታ ጋር
የዶልፊኗ ሹፌር

ግልባጭ፦
ለናፍጣው ቀስት (የእርስዎም ተራ ይደርሳል)
ለረዳቱ (ጄሪካኑን እንዳትረሳ)
ለሙቀት ማስጠንቀቂያ መብራት (አምፖልዎ ከተቃጠለ ስለቆየ በቃል ይነገርዎታል)