ሃያ ያህል

ወገኖቼ፣ «ያህል» የምትለዋን ቃል ልብ ብላችኋታል? በጥር 2016 ማብቂያ በደቡብ ወሎ፣ ደላንታ ወረዳ፣ ቆቅ ውሃ በሚባል ቦታ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ የሚወጣበት ዋሻ ተናደ። ውስጥ የቀሩት «ሃያ ያህል» ናቸው ተባለ። በግ እንኳ ከበረት ሲወጣ ይቆጠራል! ዋሻው አፍ ላይ የገባ የወጣውን የሚጽፍ አንድ ሰው ከአንድ ደብተር ጋር ቢቀመጥ «ያህል» ባልተባለ። ቦታው ለማሽን አይመችም፤ ወገን በእጅ መሣሪያ ናዳውን ሲጭር ቀናት አለፉ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ሴባስቶፖልን መቅደላ ለማድረስ በዚሁ በደላንታ በኩል፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል አስጠርገው ነበር። ለመድፍ ገደል የጠረገ አገር ለልጆቹ መድረሻ አጣ።

አምባው 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ኦፓሉ የሚወጣው ከገደሉ ወገብ፣ 1 ሜትር እንኳ ከማይሞላ ስስ ንጣፍ ነው። ንጣፉ አግድም ስለሚሄድ ቆፋሪው ጎንበስ ብሎ ወደ ተራራው ሆድ ይከተለዋል። ዓለቱ የበሰበሰ የእሳተ ገሞራ አመድ ነውና በዶማ ይፈረፈራል፤ ለዶማ የላላው ደግሞ ጣሪያም ሲሆን አይጸናም። ሳይነካ መቆም የሚገባው ምሰሶም ኦፓል አዝሏል ተብሎ ይፋቃል። ጎን ለጎን የተቆፈሩ ዋሻዎች ሲቀራረቡ መሃል ያለው ግድግዳ ይሳሳል። ዝናብ በስንጥቁ ሰርጎ ያረጥበዋል።

መላው ረቂቅ አይደለም። ከመግባት በፊት ጣሪያውን በብረት ዘንግ መታ መታ ማድረግ፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና፣ ባዶ ድምፅ ከሰጠ የላላውን ከጎን ቆሞ ማውረድ። ባላ አቁሞ ጫፉን በሽብልቅ ማጥበቅ፤ ጣሪያውን ያልነካ ባላ ጌጥ ነው።

ቆፋሪውን ብቻ ልወቅስ? የደላንታ ኦፓል ውሃ ሲጠጣ ጥርት እንደሚል፣ ሲደርቅ ቀለሙ እንደሚመለስ የምናውቅ ሁሉ ድንጋዩን እያገላበጥን በግራም ዋጋ ተከራክረናል። ጉድጓዱ ምሰሶ አለው ወይ ብለን ግን አልጠየቅንም። እኔም አልጠየቅሁም። ያፍራል ፊቴ።

መንገዱ ይዘገይ ይሆናል፤ ባላውም እንጨት ይፈልጋል፣ እንጨቱም ርቋል። ደብተር ግን የትም አለ። እባካችሁ፣ ነገ ጠዋት ከዶማው በፊት ስም ይጻፍ። ማታ ሲወጡም አንድ በአንድ ይጠሩ።