አካፋው ለልጁ፣ ወንበሩ ለሽማግሌው

ጎበዝ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው።

ጎፋን ረሳናት አይደል? ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። መጀመሪያ የተናደው መሬት ጥቂት ቤቶችን ዋጠ። የአካባቢው ሰው እንደ ልማዱ ተጠራርቶ ወጣ፤ ጎረቤቱን ሊያወጣ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ ከላይ መጣበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ብዙዎቹ ሊያድኑ የመጡ ናቸው። ፎቶዎቹን ያየ ያስታውሳል፦ ቀይ ጭቃ፣ ዳገቱን የሞላ ሰው፣ አንዱ አካፋ ይዟል፣ ሌላው በባዶ እጁ ይዝቃል።

የሟቾቹን ደግነት ማንም እንዳይነካብኝ። ጥፋቱ የእኛ ነው። ወጣቱን «ድረስ!» ማለት እናውቅበታለን፤ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ግን መቼ ነገርነው?

የተናደ ዳገት እንደገና ይናዳል። ውሃ የጠጣ አፈር ከሥሩ የያዘው ሲሄድበት የላይኛውም ቆሞ አይቀርም። ስለዚህ ሰው ወደ ጭቃው ከመግባቱ በፊት አንዱ ናዳው በማይደርስበት ጎን ቆሞ፣ ፊሽካ ይዞ፣ ዳገቱን ብቻ ማየት አለበት። ሁሉም ባንዴ አይገባም፤ ጥቂቱ ይቆፍራል፣ ሌላው ራቅ ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ከዚያም በፊት ምልክት አለ እኮ። መሬት ይሰነጠቃል፣ ዛፍና አጥር ያዘነብላል፣ የጠራ ምንጭ ይደፈርሳል፣ ትናንት ይዘጋ የነበረ በር ድንገት አልገጥም ይላል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ ዳገት ላይ ከብት ሲጠብቅ የሚውል ልጅ ስንጥቁን ከሁላችንም ቀድሞ ያየዋል። ግን ለማን ይንገር? ቢናገርስ ማን ይሰማዋል? «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እየተባለ ያደገ ልጅ ነው።

ከአደጋው በኋላ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ዱቄቱን ከመኪና የሚያወርደው ወጣቱ ነው። ድንኳን የሚተክለውም እሱ፣ ሬሳ የሚሸከመውም እሱ። ኮሚቴ ሲቋቋም ግን «እናንተ ውጭ ጠብቁ» ይባላል። እነዚያው የምናውቃቸው ሰዎች ወንበር ይዘው የተረጂ ስም ይጽፋሉ። አልጋ ላይ የቀረችው አሮጊት የት እንዳለች የሚያውቀው ልጅ በር ላይ ቆሟል። በመጨረሻ ድምፁ ጎላ ያለ ሁለቴ ይወስዳል፣ እሷ ጋ ምንም ሳይደርስ ይቀራል። ከዚያ «ወጣቱ ሥራ ፈት ሆነ» ብለን እናማለን። አይ እኛ!

ዕድራችሁን ተመልከቱት እስቲ። ገንዘብ አለው፣ ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ጥሩምባ ነፊ አለው፤ የሰፈሩን በር አንድ በአንድ ያውቃል። ከዚህ የተሻለ ለአደጋ የሚሆን ድርጅት ከየት ልናመጣ ነው? ግን የሚነቃው ሰው ሲሞት ነው። ከተቀማጩ ትንሽ ቀንሶ ለጥቂት የሰፈር ልጆች የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ቢከፍል ማን ይከሰዋል? ቀይ መስቀል እንደሆነ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ አገር አለ፤ ሄዶ መጠየቅ ነው። ሠልጥነው ሲመለሱ ደግሞ ዳኛው አጠገብ ወንበር ይሰጣቸው፤ ሻይ ለማቅረብ ሳይሆን ድምፅ ለመስጠት።

እናንተ ወጣቶችም አትሳቁ፣ ለእናንተም አለኝ። ጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የእሳት አደጋ መኪና በዚያ ጠባብ መንገድ መግባት ምን ያህል እንዳስቸገረው ሰምታችኋል። እንዲህ ባለ ቀን ሞባይል አውጥቶ መንገድ ላይ መገተር እርዳታ አይባልም። ቪዲዮ መቅረጽ ካማራችሁ አሁን ቅረጹ፦ የተደፈነውን የሰፈራችሁን ቦይ፣ ወንዝ ዳር የተለጠፈውን ቤት፣ ሸቀጥ የሞላውን መውጫ በር። ቀርጻችሁ ወረዳ ውሰዱት። የሚሰማ ካጣችሁ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ድሬዳዋ በ1998 ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ብዙው በእንቅልፍ ላይ ነበር፤ በር የሚያንኳኳ ልጅ ማን እንደሆነ አስቀድሞ የተመደበበት ሰፈር ዛሬም ስንት አለን?

ክረምቱ ሳይገባ አንድ እሁድ ተሰብሰቡ። ማን በር ያንኳኳል፣ ማን አሮጊቷን ያዝላል፣ ሰው የሚሸሸው ወደየትኛው ከፍታ ነው፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው? ልጆቹ ይናገሩ፣ እናንተ ጻፉ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ 939 የእሳት አደጋ፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ መሆኑን ቤታችሁ ውስጥ ማን እንደሚያውቅ ዛሬ ማታ ጠይቁ።